የመንገድ ወዳጅ፦ የአንድ ቀን ጉዞ በላስታ ደጋ

በላስታ ደጋ ሰውን ከሰው ከሚያስተሳስሩት ነገሮች አንዱ አብሮ መንገድ መውጣት ነው። በደም ያልተዛመዱ፣ በደጃፍ ያልተጎራበቱ፣ ነገር ግን አንድ ዳገት አብረው የወጡ፣ ከአንድ አገልግል የበሉና በአንድ ዛፍ ሥር ያደሩ ሰዎች ከዚያ ወዲያ እንደ ባዕድ አይተያዩም። አንዱ ጎጃም፣ ሌላው ላሊበላ ቢኖር፣ ዓመታት ቢያልፉና ወሬ ቢጠፋ እንኳ ወዳጅነቱ ይቆያል። ይሁን እንጂ በራሱ አይቆይም፤ የታወቀ መገናኛ ቀን፣ የታወቀ መገናኛ ቦታና ዳግም አብሮ የሚኬድበት መንገድ ይፈልጋል። ላስታ ሦስቱንም የያዘ አገር ነው። የቆየ የመንገድ ወዳጅን ለማየት የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ እዚህ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ስንቅና የራሱ ሰዓት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አገሩና መንገዱ

ላስታ በሰሜን ወሎ የሚገኝ፣ ተራራና ሸለቆ የተፈራረቁበት አገር ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የተከዜ ወንዝ የሚነሣው ከእነዚሁ ደጋዎች ነው፤ ገባሮቹ ምድሩን እየቆራረጡ ጥልቅ ገደሎችን ፈጥረዋል። ስለዚህ ከአንድ ሸንተረር ላይ በዓይን የሚታይ መንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። እዚያ ለመድረስ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገርና ዳገቱን መውጣት ግድ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው አይበዛም። በቅሎ ወይም አህያ ለመጫን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭነቱን ደግፎ ሲይዝ ሌላው ያጠብቃል። የክረምት ወንዝ የሚሻገሩት እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ሲመሽ እሳት የሚያነድ፣ ሲታመሙ ውኃ የሚያቀብል፣ በማያውቁት መንደር ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዶች ነን፤ መሽቶብናል፤ አሳድሩን» የሚል ጓደኛ ያሻል። የመንገድ ወዳጅነት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። መጀመሪያ የሚተሳሰሩት ስለሚፈላለጉ ነው፤ መዋደዱ የሚመጣው በጉዞው መካከል ነው።

የቀድሞዎቹ የሲራራ ነጋዴዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል፣ በአህያና በበቅሎ እየተጫነ ከላስታ በስተ ሰሜን ወዳለችው የሰቆጣ ገበያ ይወጣ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ይከፋፈል ነበር። ነጋዴዎቹ በጓድ ሆነው ይጓዛሉ፤ ስንቃቸው፣ ሰፈራቸውና የሌሊት ጥበቃቸው የጋራ ነው። አንድ ሰው በጉዞ ላይ ቢታመም የሚያስታምሙት፣ ቢሞት የሚቀብሩትና ንብረቱን ለቤተሰቡ የሚያደርሱት እነዚሁ ባልንጀሮቹ ናቸው። እንዲህ ያለ አደራ የተቀባበሉ ሰዎች ንግዱን ከተዉ በኋላም መጠያየቃቸውን አይተዉም።

ከነጋዴው ይበልጥ ግን የላስታን መንገድ የሞላው ተሳላሚ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደታነጹ ትውፊት የሚናገርላቸው 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከተማዋን የኢትዮጵያ ምእመናን መሰብሰቢያ አድርገዋታል። በመካከላቸው ያለው ወንዝ ዮርዳኖስ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱ ቤተ ጎለጎታ፣ ሌላው ቤተ ልሔም ይባላል፤ ኢየሩሳሌም መድረስ ያልቻለ ምእመን በረከቷን እዚህ ያገኛል ተብሎ ይታመናል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ተሳላሚው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜም በባዶ እግሩ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከዋግና ከሸዋ ሲመጣ ኖሯል።

ወዳጅነት የሚጀመርበት ጉዞ

ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣ ገበሬ ከቤቱ የሚነሣው በዓሉ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ትከሻው ላይ ጋቢ፣ እጁ ላይ ዱላ፣ ጀርባው ላይ ስንቅ አለ፤ ስንቁም በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ከዚህ የተረፈ አያስፈልገውም። በየመገናኛው ከሌላ አገር የመጡ ተሳላሚዎች ይቀላቀላሉ። መጀመሪያ የሚጠያየቁት አገርና ደብር ነው፤ ስም የሚመጣው በኋላ ነው። ታላቅየውን «አያ» ወይም «ጋሼ»፣ ታላቅዮዋን «እትዬ»፣ ካህኑን «አባ» እያሉ ይጠራራሉ። እኩዮቹ ከሁለት ቀን መንገድ በኋላ «አንተ» እና «አንቺ» ይባባላሉ።

በእነዚህ ቀናት ሰው የሰውን ጠባይ ያያል። ስንቅ ሲያንስ ማን እንደሚሰስት፣ ዳገት ሲከብድ ማን የሌላውን ሸክም እንደሚቀበል፣ ሌሊት ብርድ ሲጸና ማን ጋቢውን እንደሚያካፍል ይገለጣል። በሰፈር ዓመታት የሚፈጀው መተዋወቅ በመንገድ ላይ በጥቂት ቀናት ይፈጸማል። በጉዞ የተገኘ ወዳጅ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ የታወቀው በደከመበት ሰዓት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አይኖርም።

ከተማዋ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ትስስር ይጨመራል። የላሊበላ ሰው ለገና የመጣውን እንግዳ እግር አጥቦ፣ ዳቦና ጠላ አቅርቦ የመቀበል የቆየ ልማድ አለው። ቤቱ የሞላበት ግቢውን ይሰጣል፤ የቀረው በየሜዳውና በየዛፉ ሥር ይሰፍራል። ስለዚህ የብዙ ተሳላሚ የመንገድ ወዳጅ አብሮት የተጓዘው ብቻ ሳይሆን እግሩን ያጠበው ባላገርም ነው። በታኅሣሥ 29 ጠዋት በቤተ ማርያም ካህናቱ በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው ቋጥኝ ጫፍ፣ ገሚሶቹ ከታች በአጸዱ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ በጉዞ የተገናኙት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ያያሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዕለቱ የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም የልደት በዓል ነው።

አንድን ታላቅ ነገር አብሮ ማየት ወዳጅነትን እንደሚያጸና የሚያሳይ የቆየ ምስክርነት አለ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ ላሊበላን አይቶ በዝርዝር ጽፏል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጽፍ ግን ያገሩ ሰው እንዳያምነው ሠግቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። አይቶ የተመለሰ ሰው ላላየ ሰው ሲናገር የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። አብረው ላዩ ሁለት ሰዎች ግን መሐላ አያስፈልግም። ተሳላሚው ከዓመታት በኋላ የመንገድ ወዳጁን ሲፈልግ፣ ከሚፈልገው ነገር አንዱ ሳያስረዳ የሚገባው ሰው ነው።

ቀጠሮው

የላስታ የመገናኛ ቀጠሮ የሚወጣው ከበዓላት መቁጠሪያ ነው። አንድ የጎጃም ገበሬና አንድ የላስታ ገበሬ ሲለያዩ ቀን፣ ወርና ዓመት ቆጥረው ሰዓት አይወስኑም፤ «ለጊዮርጊስ»፣ «ለይምርሐነ ክርስቶስ» ይባባላሉ፤ ይህ ይበቃል። ሁለቱም የሚያውቁት፣ ዓመት ቢዘለል እንኳ በሚቀጥለው ተመልሶ የሚመጣ ቀን ስለሆነ ቀጠሮው አይፈርስም። ባንዱ ዓመት ሕመም ወይም የእርሻ ሥራ የያዘው ሰው በሌላው ዓመት በዚያው ቀን በዚያው ቦታ ይገኛል።

ከገና ሌላ በአካባቢው ለመገናኛ የሚመረጡ ታላላቅ ቀኖች አሉ። ጥቅምት 19 የይምርሐነ ክርስቶስ፣ ኅዳር 3 የነአኵቶ ለአብ፣ ሰኔ 12 የንጉሥ ላሊበላ በዓላት ናቸው፤ ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በቤተ ጊዮርጊስ ይከበራል። ለመንገደኛ ምቹዎቹ የጥቅምትና የኅዳር በዓላት ናቸው፤ ዝናቡ አልፏል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው። ሰኔ 12 ግን ከክረምት መግቢያ ጋር ስለሚገጥም ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይከብዳል።

ከበዓል ውጭ ያለው መገናኛ የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ነው። ከደጋው ገብስ፣ ባቄላና በግ፣ ከቆላው ጤፍና ማሽላ፣ ከሁለቱም ማር ይመጣል። ገበያው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ወሬም የሚለዋወጡበት ነው። ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ ላለ ወዳጅ መልእክት የሚላከው ከዚያ ቀበሌ በመጣ ገበያተኛ እጅ ነው፤ መልሱ በሳምንቱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ዛሬ ስልኩ ይህን ሥራ በብዙ ቦታ አቅልሎታል። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ ግን የገበያው መንገድ ተመልሶ ያገለግላል።

መዳረሻውን መምረጥ

የሚገናኙት ሁለት ወዳጆች ላሊበላ ላይ ተያይተው ብቻ አይበቃቸውም፤ አብረው አንድ ቀን መሄድ ይፈልጋሉ። በከተማዋ ዙሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ተደርሶ የሚመለስባቸው ገዳማትና አድባራት ብዙ ስለሆኑ ምርጫው የሚወሰነው በዕድሜ፣ በጤናና በመጓጓዣ ነው።

በጣም ቅርቡ ነአኵቶ ለአብ ነው። ከከተማዋ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ጸበል ከታች በተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። ለሽማግሌዎችና ጉልበታቸው ለደከመ ይህ ይመረጣል፤ መንገዱ ብዙ ዳገት ስለሌለው ወሬ ሳይቋረጥ ይደረስበታል።

ጉልበት ላላቸው አሸተን ማርያም አለች። ከላሊበላ በላይ በገደል አፋፍ ላይ ከቋጥኝ ተፈልፍላለች፤ በእግር ወይም በበቅሎ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከላይ ሆኖ የሚታየው ከተማዋ ብቻ ሳትሆን አብረው የመጡበት መንገድ ሁሉ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ወቅት አብረው በእግር ወደ ላሊበላ የመጡ ሰዎች ይህችን ተራራ ይወዷታል፤ የትኛውን ሸንተረር እንደተሻገሩ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳደሩ በጣት እየጠቆሙ ያስታውሳሉ። ሥዕል ለሚወዱ ደግሞ በይኩኖ አምላክ ዘመን እንደታነጸች የሚነገርላት ገነተ ማርያም በግድግዳዎቿ ላይ ጥንታዊ ሥዕሎችን ይዛ ትገኛለች፤ በመኪና ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል።

ለቆየ የመንገድ ወዳጅ መገናኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከላሊበላ ወደ ብልባላና ወደ ሰቆጣ በሚያመራው መንገድ ተሂዶ፣ ከዚያም ወደ ተራራው ተገንጥሎ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይደረስበታል። ተራራውን አቋርጦ በእግር ወይም በበቅሎ የሚሄድ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚፈልግ መንገዱን በመኪና ሄዶ የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ይወጣል።

ማለዳው

ጉዞው የሚጀምረው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በላሊበላ በዚህ ሰዓት ኪዳን ይደርሳል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከየአቅጣጫው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ይወርዳሉ። የሚገናኙት ወዳጆች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተያዩት እዚያው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ላይ ነው። ቀድመው የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያኑን ነው፤ ከዚያ ካህኑ ጋ ሄደው መስቀል ይሳለማሉ፤ እርስ በርስ የሚሳሳሙት ከዚህ በኋላ ነው። ትከሻ ለትከሻ እየተደጋገሙ ይሳሳማሉ፤ «እንደምን ከረምክ» ይባባላሉ፤ ጥያቄው ይደጋገማል፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለባዕድ ሰው ይህ ሰላምታ የረዘመ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዓመታትን መራራቅ የሚያቃልል፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ወሬ ልብን የሚያዘጋጅ ነው።

ወሬው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ ከብትና አዝመራ ይጠየቃሉ። በመካከሉ የሞተ ሰው ካለ ሁሉም ይቆማል። ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ወዳጅ ዓመት ቢያልፍም ለቅሶ መድረስ አለበት፤ ሐዘኑን ባላወቀ ሰው ላይ አይፈረድም፣ ካወቀ በኋላ ግን ሳያጽናና አያልፍም። የሟች ቤተሰብ በከተማዋ ካለ ከጉዞው በፊት ቤታቸው ይኬዳል፤ ከሌለ እዚያው ቁጭ ብለው «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባባላሉ። የጉዞው መነሻ በዚህ ምክንያት ቢዘገይ ማንም አይከፋም። የቆየ ወዳጅን ማግኘት ማለት እርሱ በሌለበት የደረሰውን ሁሉ፣ ሐዘኑንም ጭምር፣ መቀበል ማለት ነውና።

ለጉዞው የሚያዘው ስንቅ ቀላል ነው፤ ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ሲቻልም ጥላ ይያዛል። ከሩቅ የመጣው ለላስታው ቤተሰብ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ወይም ነጠላ ያመጣል፤ ሲመለስ ደግሞ የላስታ ማር፣ እምነትና በጀሪካን ጸበል ይዞ ይሄዳል። ረዣዥም ዳገት ስለሚጠብቅ ጫማ ማጥበቅ፣ ለሽማግሌ ዱላ ማቅረብ፣ ለደከመ በቅሎ መከራየት አስቀድሞ ይታሰባል።

አብሮ መሄድ

በመንገድ ወዳጆች ዘንድ ዋናው መገናኘት የሚፈጸመው በእግር ሲሄዱ ነው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ወሬ ሲያልቅ ይጨነቃሉ፤ ዝምታ የሚሞላ ነገር ይፈልጋሉ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ግን ዝም ብለው ሩቅ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ዳገቱ ራሱ ለዝምታው ምክንያት ይሆናል። ከባዱ ነገር የሚነገረውም በዚህ ጊዜ ነው። ዕዳ፣ የልጅ መጥፋት፣ የትዳር መፍረስ፣ በዓይን እየተያዩ ለመናገር የሚከብደው ሁሉ፣ ዓይን ወደ መንገዱ ሲሆን ይወጣል።

መንገዱ ያለፈውንም ያስታውሳል። አንድ ቋጥኝ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ የተረሳ ነገር ይመልሳል። ከሁለቱ አንዱ የረሳውን ሌላው ይሞላዋል፤ የማይስማሙበትም አለ። አንዱ «የዘነበው ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ነው» ሲል ሌላው «ሳንሻገር ነው» ሊል ይችላል። ክርክሩ ራሱ ደስ ያሰኛል፤ ሁለቱም እዚያ ነበሩና። ብቻውን የተጓዘ ሰው ትዝታውን የሚያርምለት የለውም። የመንገድ ወዳጅ ያለው ሰው ግን ያለፈ ዘመኑ በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ይቀመጥለታል፤ አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ይይዝለታል።

በብልባላ በኩል የሚያልፉ ብልባላ ጊዮርጊስን ይሳለማሉ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸው ለሕሙማን ፈውስ ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲቀርቡ የጥድ ደን ይጀምራል። በአካባቢው የተራቆተ ተራራ ሲበዛ እዚህ ዛፉ የቆመው ቤተ ክርስቲያኑ ስለጠበቀው ነው። መኪናው ከቆመበት በኋላ ያለውን ዳገት በጥዶቹ ጥላ ሥር፣ ቀስ ብለው፣ ደካማውን እየጠበቁ ይወጡታል።

በይምርሐነ ክርስቶስ

ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ቀድሞ በነገሠው በንጉሡ በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ የተሠራ ነው። ከቋጥኝ አልተፈለፈለም፤ በሰፊ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ ተገንብቷል። የድንጋዩ ንብብር በነጭ ተለስኖ ከጠቆረው እንጨት ጋር ስለሚፈራረቅ ከሩቅ ነጭና ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው። መስኮቶቹ በተለያየ የመስቀል ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፤ ጣራው ከውስጥ በእንጨት ቅርጻ ቅርጽና በሥዕል አጊጧል፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች መካከል ይቆጠራሉ። ከሕንጻው ሥር ውኃ እንዳለ ትውፊት ይናገራል። በዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ሌላ ቤት አለ፤ የንጉሡ መካነ መቃብርም እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በዋሻው ውስጠኛ ክፍል፣ የብዙ ሰዎች አፅም ተደርድሮ ይገኛል። በትውፊት እነዚህ በቅዱሱ ስፍራ ለማረፍ ከሩቅ አገር የመጡ ምእመናን ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የተጠቀለሉበት ሰሌን አሁንም ይታያል። ለሁለት የመንገድ ወዳጆች ይህ ቦታ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ይናገራል። እነዚህም ሰዎች በአንድ ወቅት ስንቅ ይዘው፣ ዳገት ወጥተው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ተዋውቀው የመጡ ናቸው። ወደ ቤታቸው ያልተመለሱት ግን አብረዋቸው በመጡት ሰዎች አፍ ወደ ቤተሰባቸው ደርሰዋል፤ እንዲህ ሆነው አረፉ ብሎ የሚነግር የመንገድ ጓደኛ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጉዞ ወዳጅ ማለት ስንቅ የሚካፈል ብቻ ሳይሆን ምስክር የሚሆንም ሰው ነው።

እዚህ ካህናቱ ስለ ንጉሡ ቅድስና ይተርካሉ። ይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥናን ከክህነት አስተባብሮ የያዘ፣ ለድሆች የሚራራ ንጉሥ ሆኖ ይታወሳል። ሁለቱ ወዳጆች ጧፋቸውን ሰጥተው፣ ጸበል ጠጥተው፣ ካህኑ ካሳረጉ በኋላ ከዋሻው ይወጣሉ።

ማዕዱና ቡናው

በበዓል ቀን በደጀ ሰላሙ አካባቢ የሰንበቴና የማኅበር ጠበል ጻዲቅ ይቀርባል። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ለእንግዳ ቅድሚያ ይሰጣል። በሌላ ቀን ደግሞ ከአካባቢው ገበሬ ቤት ይገባል፤ ወይም ወደ ላሊበላ ተመልሰው የላስታው ወዳጅ ቤት ይበላል። ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን፣ ፍስክ ከሆነ ዶሮ ወይም በግ ይቀርባል። የቤቱ እመቤት እንግዳውን በባሏ የመንገድ ወዳጅነት ስለምታውቀው እንደ ወንድሟ ታጎርሰዋለች፤ የቤቷ እንግዳ የራሷ የመንገድ ባልንጀራ ከሆነች ደግሞ የማዕዱ ጨዋታ የሁለቱ ነው።

ከማዕዱ በኋላ ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ልጆች የሚተዋወቁበት ነው። ወላጆች ከብዙ ዓመት በፊት አብረው የተጓዙትን ጉዞ ልጆቹ የሚሰሙት እዚህ ነው። ብዙ ጊዜም እዚህ ላይ ወዳጅነቱ ወደ ዝምድና ይለወጣል። የአንዱን ሕፃን ሌላው ክርስትና ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አበልጅ ይሆናሉ፤ በሠርግም በለቅሶም እንደ ቤተሰብ ይጠራራሉ። የመንገድ ወዳጅነት በአንድ ትውልድ ብቻ ሳያበቃ ወደ ልጆች የሚተላለፈው በዚህ ሥርዓት ነው።

መገናኘትን ያቋረጡ ዘመናት

መገናኘት ሁልጊዜ አልተቻለም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረሀብ ሰሜን ወሎን ክፉኛ ጎድቷል። ብዙ ቤተሰብ ፈርሷል፤ ከወሎ ብዙ ሰው በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወስዷል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ለገና ወደ ላሊበላ ሲመጡ ከቀድሞ ጎረቤትና ከቀድሞ የመንገድ ባልንጀራ ጋር ተገናኝተዋል። በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣው የበዓል ቀን ለእነዚህ ሰዎች ከአድራሻ ይበልጥ ጠቅሟል፤ ሰፈር ቢለወጥም ታኅሣሥ 29 እዚያው አለና።

በቅርቡ ደግሞ ጦርነት መንገዱን ዘግቶታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ቆየች። መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጠባቸው በእነዚያ ወራት የወዳጁን በሕይወት መኖር ማወቅ ያልቻለ ብዙ ነበር። ያን ዓመት የገና በዓል ከተማዋ ነፃ ከሆነች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለተከበረ፣ ለመጡት ሰዎች መሳሳም ራሱ በሕይወት የመገኘት ምስጋና ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዶችን እንደገና አስጨንቋል፤ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተከፈተ ወይም የተዘጋ መሆኑን ሳይጠይቅ የሚነሣ ተጓዥ የለም።

እነዚህ ዓመታት ሌላ ዓይነት የመንገድ ወዳጅነትም ጎድተዋል። የላሊበላ አስጎብኚዎች፣ በቅሎ ሳቢዎችና በመቄትና በላስታ ማኅበረሰቦች በሚያስተዳድሯቸው የእግረኛ ማረፊያዎች የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት ከመጡ ጎብኚዎች ጋር የጠበቀ ወዳጅነት መሥርተዋል። ጎብኚው ሲጠፋ ገቢያቸው ብቻ አይደለም የተቋረጠው፤ በየዓመቱ ይመለሱ የነበሩ ሰዎችም ተለይተዋቸዋል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጡ የጉዞ ማኅበራትና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መንገድ በተከፈተ ቁጥር መምጣታቸው ስለዚህ ለከተማዋ ከገንዘብ በላይ ዋጋ አለው።

መሸኛው

ቀኑ ሲያልቅ የሚለያዩት በር ላይ አይደለም። በላስታ እንግዳ ይሸኛል። በእግር ለሚሄድ እስከ ወንዙ ወይም እስከ መጀመሪያው ሸንተረር፣ በመኪና ለሚሄድ እስከ መናኸሪያው፣ በአውሮፕላን ለሚሄድ ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እስከሚርቀው ማረፊያ ድረስ አብሮ መሄድ የወዳጅ ግዴታ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚወራው ስለሚቀጥለው ጊዜ ነው። የትኛው በዓል እንደሚሻል፣ ማን ወደ ማን እንደሚመጣ፣ የትኛው ልጅ አብሮ እንደሚሄድ ይወሰናል። አማርኛ «ተራራና ተራራ አይገናኝም፤ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይላል፤ ተራራ በበዛበት በላስታ ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ግን ሰው መንገድ ሲወጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቆየ የመንገድ ወዳጁን ለማየት የሚያስብ ሰው የሚያስፈልጉትን ነገሮች ላስታ በግልጽ ታሳያለች። ሁለቱም የሚያውቁትን በዓል ይምረጥ፤ ከቀኑ በፊት ወሬ ይላክ፤ ያልደረሰበትን ለቅሶ አስቀድሞ ይድረስ፤ ከዚያ ጉልበቱ በሚፈቅደው መንገድ፣ ነአኵቶ ለአብም ይሁን ይምርሐነ ክርስቶስ፣ አብሮ ይሂድ። ከአንድ ማዕድ ይብላ፣ ልጆቹን ያስተዋውቅ፣ ሲለያይም የሚቀጥለውን ቀን ሳይወስን አይመለስ። የመንገድ ወዳጅነት በአንድ ጉዞ ተጀምሮ በሌላ ጉዞ የሚታደስ ነው፤ በላስታ ይህን ወዳጅነት ለብዙ ትውልድ ያቆየውም ሰዎች በተቀጣጠሩበት በዓል ከሩቅ ተነሥተው መምጣታቸው ነው።